የመንደር ውል እና የጽሕፈት ቤት ማኅተም፦ ሕጉ የቱን ያጸናል?

በደብረ ማርቆስም ሆነ በቡሬ፣ በሞጣም ሆነ በፍኖተ ሰላም ቤት በተሸጠ ቁጥር አንድ ክርክር ይነሣል። አንዱ ወገን «ሽማግሌ ባለበት ተፈራርመናል፤ ብሩም ተቆጥሯል፤ ከዚህ በላይ ምን ውል አለ?» ይላል። ሌላው «የመንግሥት ማኅተም ያላረፈበት ወረቀት ለምንም አይሆንም» ይላል። ሁለቱም የያዙት ግማሹን እውነት ነው። በግማሽ እውነት ቤት የገዛ ሰው ደግሞ የዕድሜ ልክ ጥሪቱን ሊያጣ ይችላል።

ክርክሩ ሰሞኑን የበረታው ያለ ምክንያት አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በአማራ ክልል በዘለቀው ግጭት የብዙ ወረዳዎች የመንግሥት አገልግሎት ሲቋረጥ፣ ሲቀጥል፣ እንደገና ሲቋረጥ ከርሟል። ጽሕፈት ቤት ሲዘጋ ግን ኑሮ አብሮ አይዘጋም። ቤት ይሸጣል። ብድር ይወሰዳል። ውጭ የሚሄድ ልጅ ለእናቱ ውክልና መስጠት ይፈልጋል። በዚህ መሀል በእጅ ተጽፎ በእማኝ የተፈረመ ወረቀት የብዙ ሰው መተማመኛ ሆኗል። ወረቀቱ ምን ያህል ያስተማምናል የሚለው እንደ ውሉ ዓይነት ይለያያል።

ኖታሪ ማን ነው? ሥራውስ?

ኖታሪ ማለት ሰዎች የሚፈራረሙትን ሰነድ አይቶ፣ አጣርቶ፣ ፊቱ መፈረሙን የሚያረጋግጥና የሚመዘግብ ባለሥልጣን ነው። በአንዳንድ አገሮች ይህን ሥራ ፈቃድ ያላቸው የግል ባለሙያዎች ይሠሩታል። በእኛ አገር የመንግሥት ሥራ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ «ፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን የተሰጠው» ሲል የሚጠቅሰውም ይህንኑ ነው።

በፌዴራል ደረጃ ሥራው የሚመራው በሰነዶች ማረጋገጥና ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 922/2008 ነው። ከእሱ በፊት አዋጅ ቁጥር 334/1995 ነበር። ሕዝቡ «ውልና ማስረጃ» የሚለው መሥሪያ ቤት በዚህ ሥር ሆኖ አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ ያገለግላል። በአማራ ክልል ደግሞ ሥራው የፍትሕ ቢሮው መዋቅር ነው። ስለዚህ ጎጃም ውስጥ ውል ለማጽደቅ የሚፈልግ ሰው የሚሄደው ወደ ዞን ወይም ወደ ወረዳ ፍትሕ ጽሕፈት ቤት ነው።

ብዙ ሰው የዚህን ባለሙያ ሥራ ማኅተም መምታት ብቻ አድርጎ ያየዋል። ዋናው ሥራ ግን ከማኅተሙ በፊት ያለው ነው። ባለሙያው መታወቂያውን ከሰውየው ፊት ጋር ያመሳክራል። ሰውየው ለአካለ መጠን የደረሰ፣ አእምሮው የተስተካከለና በነጻ ፈቃዱ የመጣ መሆኑን ያያል። ንብረት የሚተላለፍ ከሆነ የባለቤትነት ማስረጃውን ይጠይቃል። ቤቱ ለባንክ በመያዣነት ተይዞ እንደሆነ፣ የፍርድ ቤት እግድ እንዳለበት ያጣራል። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው ስምምነት ይፈለጋል፤ የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት በአንዱ ፈቃድ ብቻ አይሸጥምና። የውሉ ይዘት ሕግንና መልካም ጠባይን የሚጻረር ከሆነም አይቀበለውም። ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው ፊርማው የሚፈረመው፣ መዝገብ ላይ ቁጥር የሚያዘው፣ አንዱ ቅጂ እዚያው የሚቀረው።

የመንደር ውል የሚጎድለው ይህ ማጣራት ነው። ሽማግሌዎቹ ሐቀኞች ናቸው እንበል። ቤቱ ባንክ መያዙን ግን ከየት ያውቃሉ? የሻጩ ሚስት ሌላ ከተማ ብትሆንና ባትስማማስ? ለእማኝነት የተጠራ ሰው የሚመሰክረው ያየውን ብቻ ነው። መዝገብ የማገላበጥ ሥልጣንም ዕድልም የለውም።

ማኅተም የግድ የሚሆንባቸው ጉዳዮች

ሁሉም ውል መመዝገብ የለበትም። እንዲያውም አብዛኛው የዕለት ተዕለት ውል ምንም ፎርም፣ ማለትም ሕግ የሚያዘው የአጻጻፍ ወይም የምዝገባ ሥርዓት፣ አይጠየቅበትም።

የማይንቀሳቀስ ንብረት ግን ለየት ይላል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 የቤትን ባለቤትነት የሚያስተላልፍ ወይም ቤትን መያዣ የሚያደርግ ውል በጽሑፍ ሆኖ ፍርድ ቤት ወይም ውል አዋዋይ ዘንድ መመዝገብ እንዳለበት ይደነግጋል። ቁጥር 1720 ደግሞ መዘዙን ይናገራል፦ ሕግ ያዘዘው ፎርም ያልተሟላለት ውል እንደ ረቂቅ ይቆጠራል። ረቂቅ ማለት ገና ያላለቀ ሐሳብ ነው። ብሩ ቢከፈልም፣ ቁልፉ ቢሰጥም፣ ምሳ ቢበላበትም ሕጉ በዚህ ዓይን ነው የሚያየው።

ውክልናና የውክልና ስረዛ፣ የንግድ ማኅበራት መመሥረቻ ጽሑፍና መተዳደሪያ ደንብም ማረጋገጫ ይፈልጋሉ።

ሌላው ነጥብ ለገጠሩ ጎጃም ከሁሉም በላይ ይቀርባል፤ የሚያነሣው ሰው ግን ጥቂት ነው። ቁጥር 1728 ማንበብና መጻፍ የማይችል ወይም ዓይነ ስውር የሆነ ሰው በጽሑፍ ውል ላይ ያኖረው ፊርማ ወይም የጣት አሻራ በውል አዋዋይ፣ በፍርድ ቤት መዝጋቢ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ እንደማያስገድደው ይገልጻል። ይህ ቤት ሽያጭ ላይ ብቻ የተወሰነ አይደለም። አንዲት እናት ፊደል ሳይቆጥሩ አርጅተው፣ ሰው ባነበበላቸው ወረቀት ላይ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ቢያሳርፉ፣ ያ አሻራ ብቻውን አያስራቸውም። ሕጉ እንዲህ ያለበት ምክንያት ግልጽ ነው። የተነበበላቸውና የተጻፈው አንድ መሆኑን እሳቸው ሊያጣሩ አይችሉም። ስለዚህ ገለልተኛ ሰው አንብቦላቸው፣ መረዳታቸውን አይቶ እንዲያረጋግጥ ይፈለጋል። የዚህ ድንጋጌ ጥበቃ በተለይ ባላቸው ለሞተባቸው ሴቶችና ለአረጋውያን ትልቅ ዋጋ አለው። ከእነሱ ጋር የሚዋዋል ቅን ሰውም ቢሆን ይህን ሳያሟላ ቢቀር በኋላ የሚጎዳው ራሱ ነው።

በሌላ በኩል ብድር ምዝገባ አይጠይቅም። ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር ለማስረዳት ጽሑፍ፣ የተበዳሪው ፍርድ ቤት ቀርቦ ማመን ወይም መሐላ ያስፈልጋል። ጽሑፉ ግን በቤት ውስጥ የተጻፈ ሊሆን ይችላል። ኑዛዜም ያለ ማኅተም ይጸናል። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በ4 ምስክሮች ፊት ተነቦ፣ ይኸው ሥርዓት መፈጸሙና ቀኑ ተጠቅሶ ወዲያው ከተፈረመ ሙሉ ነው። ከምስክሮቹ አንዱ ሥራውን በማከናወን ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ 2 ምስክር ይበቃል። ስለዚህ «ማኅተም የሌለው ወረቀት ሁሉ ከንቱ ነው» የሚለው አባባል ስንትና ስንት ትክክለኛ ኑዛዜ በወራሾች እንዲናቅ ያደርጋል።

ሰበር ችሎቱ ምን አለ? ክርክሩስ ለምን አላበቃም?

የቁጥር 1723 ትርጉም ለብዙ ዓመታት ዳኞችን ሲያከራክር ኖሯል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 21448 በ1999 ዓ.ም. በሰጠው ውሳኔ፣ ያልተመዘገበ የቤት ሽያጭ ውል አይጸናም አለ። የሰበር ትርጉም በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን ስለሚያስገድድ ውሳኔው ጎጃም ድረስ ይደርሳል።

ውሳኔውን የሚደግፉ ሰዎች መነሻቸው ጥበቃ ነው። ቤት ለአብዛኛው ቤተሰብ ብቸኛው ሀብት ነው። ምዝገባ ሰውን ከችኮላ ያድነዋል፤ የትዳር ጓደኛን ያስጠይቃል፤ አንዱን ቤት ለሁለት ሰው መሸጥን ያከብዳል። ፎርሙ ላላ ከተባለ፣ ይላሉ፣ የሐሰት ውል ይዞ የሟች ቤት ላይ የሚቆም ሰው ይበዛል።

የሚነቅፉት ደግሞ ሁለት ነገር ያነሣሉ። አንደኛው የሕግ አተረጓጎም ነው። የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭን ለብቻው የሚገዛው ቁጥር 2877 የሚጠይቀው ጽሑፍን ብቻ ነው። ቁጥር 2878 ምዝገባን ያነሣው ሦስተኛ ወገኖችን፣ ማለትም ከውሉ ውጭ ያሉ ሰዎችን፣ ለመቃወም ነው። ልዩ ድንጋጌ እያለ አጠቃላዩ ለምን ይቀድማል ይላሉ። ሁለተኛው የፍትሕ ጥያቄ ነው፤ ይህ የበለጠ ይከብዳል። ውል ሲፈርስ ተዋዋዮች ወደነበሩበት ይመለሳሉ። ሻጭ ቤቱን፣ ገዢ ብሩን ይወስዳል። ከዓመታት በፊት የተከፈለው ብር ግን ዛሬ ያንን ቤት አይገዛም። የቤት ዋጋ ሲንር ሻጩ «ውሉ አልተመዘገበም» ብሎ ፍርድ ቤት ቢሄድ፣ ራሱ ባጎደለው ፎርም ራሱ ይጠቀማል።

ችሎቱ በኋላ ከሰጣቸው ውሳኔዎች መካከል ሻጩ ውሉን ማድረጉን ባልካደበት ጉዳይ ለዘብ ያለ አቋም የታየባቸው አሉ። በእኔ ግምት ይህ ትክክለኛ አቅጣጫ ነው። ሆኖም ገዢ ሊመካበት አይገባም። ሻጩ በሕይወት ኖሮ፣ አምኖ ይከራከራል ብሎ ማሰብ ትልቅ ቁማር ነው። ሻጩ ቢሞት ወራሾቹ ውሉን አናውቅም ሊሉ ይችላሉ፤ ምናልባትም እውነታቸውን ነው።

ቀብድም ከዚህ አያመልጥም። በሕጉ ቀብድ የተቀበለ ሰው ውሉን ቢያፈርስ እጥፍ ይመልሳል፤ የሰጠ ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል። ዋናው ውል ረቂቅ ነው ከተባለ ግን እጥፉን የማስከፈል መብት አብሮ ይናወጣል።

ውክልና፦ ትንሿ ወረቀት፣ ትልቁ አደጋ

ከሰነዶች ሁሉ በብዛት የሚጻፈው ውክልና ነው። ብዙ የተሳሳተ ግንዛቤ ያለውም እዚህ ላይ ነው።

ሕጉ ጠቅላላ ውክልናንና ልዩ ውክልናን ይለያል። «ንብረቴን ያስተዳድርልኝ» የሚል ጠቅላላ ውክልና የያዘ ሰው ኪራይ ሊሰበስብ፣ ቤት ሊያስጠግን፣ ዕዳ ሊከፍል ይችላል። ቤቱን መሸጥ፣ መያዣ ማስያዝ፣ በስጦታ መስጠት ወይም ፍርድ ቤት ቆሞ መከራከር ግን በቁጥር 2205 መሠረት ልዩ ሥልጣን ይፈልጋል። ስለዚህ ባሕር ማዶ ያለ ልጅ ለእህቱ የላከው ወረቀት ላይ «እንድትሸጥ» የሚል ቃል ከሌለ፣ «ሙሉ ውክልና» ተብሎ ቢጻፍም አያሸጥም። ውጭ አገር የሚሰጥ ውክልና ደግሞ በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ በኩል አልፎ፣ አገር ውስጥ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል።

ሌላው ልማድ «በውክልና መሸጥ» ነው። ሻጭና ገዢ የሽያጭ ውል በመፈራረም ፈንታ ሻጩ ለገዢው ውክልና ይሰጠዋል። ምክንያቱ አንዳንዴ ስም ለማዛወር ጊዜው አለመድረሱ ነው፤ አንዳንዴ ከግብር መሸሽ ነው። ገዢው ወረቀቱ ማኅተም ስላለው እፎይ ይላል። ግን በእጁ ያለው ባለቤትነት ሳይሆን የሌላ ሰውን ንብረት የማስተዳደር ሥልጣን ነው። ወካዩ በፈለገ ጊዜ ይሽረዋል። ወካዩ ሲሞት ደግሞ በመርህ ደረጃ ውክልናው አብሮ ያበቃል። ያን ጊዜ ቤቱ የሟች ውርስ ይሆናል፤ ገዢው ማኅተም ያለበት ወረቀት ይዞ ከወራሾች ጋር ይፋጠጣል።

ይኸው ሕግ በቤተሰብ ውስጥም ይሠራል። አባት ከሞቱ በኋላ በእሳቸው ውክልና ባንክ ቤት የሚሄድ ልጅ መጥፎ ሐሳብ ላይኖረው ይችላል። ሥልጣኑ ግን አብቅቷል። ከዚያ በኋላ የሚያስፈልገው የወራሽነት ማስረጃ ነው።

ሰነድ ማረጋገጥና ስም ማዛወር ይለያያሉ

ውሉ ጸድቆ፣ ማኅተም ተመትቶበት ሳጥን ውስጥ የገባ ቤት ብዙ ነው። ገዢው ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። በቁጥር 1185 መሠረት ግን የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነት በውል ለማግኘት በማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ ላይ መጻፍ ያስፈልጋል። በከተማ ይህ የሚሆነው ማዘጋጃ ቤቱ ወይም የይዞታ ምዝገባውን የሚሠራው ጽሕፈት ቤት ዘንድ ነው። የጸደቀው ውል ሻጩን ያስገድዳል። መዝገቡ ላይ ያለው ስም እስኪቀየር ድረስ ግን የሻጩ ባለዕዳ ሊያሳግደው፣ ሻጩም ለሌላ ሊሸጠው የሚችልበት ክፍተት አለ።

ሰው ስም ማዛወሩን የሚያዘገየው በአብዛኛው በወጪው ነው። የቴምብር ቀረጥ አዋጅ ቁጥር 110/1990 ለስም ዝውውር የንብረቱን ዋጋ 2 በመቶ ያስከፍላል። ይህን ለመቀነስ ሲባል በውሉ ላይ ከእውነተኛው ያነሰ ዋጋ መጻፍ የተለመደ ነው። ደላላውም ይመክራል። ከግብር አኳያ ጥፋት መሆኑ እንዳለ ሆኖ፣ ገዢውን ራሱን ያጋልጣል። የተፈረመ ሰነድ በፈራሚዎቹ መካከል ለያዘው ቃል ሙሉ ማስረጃ ነው፤ በምስክር ማስተባበል አይፈቀድም። ውሉ አንድ ቀን ቢፈርስ ገዢው «የከፈልኩት ከተጻፈው እጥፍ ነበር» ቢል ማን ይሰማዋል?

በመንግሥት ባለሥልጣን ፊት የተረጋገጠ ሰነድ ደግሞ ከዚህም ይጠነክራል። ማስተባበል የሚፈልግ ሰው ከባድ ምክንያት አቅርቦ መጀመሪያ የፍርድ ቤት ፈቃድ ማግኘት አለበት። ጥንካሬው ለእውነተኛው ቃል መከታ ይሆናል፤ ለተሳሳተውም ያው ነው። ለዚህ ነው ከመፈረም በፊት እያንዳንዱን ገጽ ማንበብ፣ ማንበብ የማይችልም «እንደገና ይነበብልኝ» ማለት ያለበት።

የገጠር መሬት በሌላ መንገድ ይሄዳል

እስካሁን የተባለው ስለ ቤት ነው። የእርሻ መሬት ሌላ ሕግ አለው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። ስለዚህ የመሬት ሽያጭ ውል የትም ቢጸድቅ አይድንም፤ የጎደለው ፎርም ሳይሆን የሚሸጥ ነገር ነውና። ገበሬው በክልሉ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 252/2009 መሠረት ይዞታውን ሊያከራይ፣ ሊያወርስ፣ በስጦታ ሊሰጥ ይችላል። እነዚህ የሚመዘገቡት በወረዳው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ነው።

ሽያጭ ስለተከለከለ ሽያጭን በሌላ ስም የመጻፍ ልማድ አለ። «ለረጅም ዘመን አከራይቻለሁ» ወይም «ለወደድኩት ሰው ሰጥቻለሁ» የሚል ውል ይጻፋል፤ ብሩ ከጀርባ ይከፈላል። ነገሩ ፍርድ ቤት ሲደርስ ዳኛው የሚያየው ስሙን ሳይሆን የተደረገውን ነው።

ጎጃም ላይ መዝገብና መሬት ሲነሡ ሰው የሚጠራጠረው ከምድር ተነሥቶ አይደለም። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ ገበሬው ያመጸው መሬቴ ሊለካና ርስቴ ሊነካ ነው ብሎ ሰግቶ ነበር። በ1989 ዓ.ም. ደግሞ በክልሉ የመሬት ድልድል ሲደረግ የተመዘገበው ይዞታ የተቀነሰበት ሰው ጥቂት አይደለም። በኋላ የይዞታ ደብተር መስጠት ሲጀመር ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ጎዛምን ወረዳ ከመጀመሪያዎቹ የሙከራ ቦታዎች አንዱ ሆነ። ደብተሩ የሚስትን ስምና ፎቶ ከባል ጋር መያዙ ከዚያ ወዲህ የመጣ ትልቅ ለውጥ ነው። ዛሬ አንድ ባል የጋራ ይዞታቸውን ብቻውን ማከራየት ቢፈልግ ጽሕፈት ቤቱ ሚስቱን የሚጠይቅበት መነሻ አለው። መዝገብ የሚጠቅመው ባለሥልጣንን ብቻ ነው የሚለው ስጋት በዚህ ቢያንስ በከፊል ይመለሳል ብዬ አምናለሁ።

ጽሕፈት ቤቱ ሲዘጋስ?

ሕጉ «ቢሮ ከተዘጋ ፎርሙ ይቀራል» አይልም። የወረዳው አገልግሎት ተቋርጦ ሳለ የተፈረመ የቤት ሽያጭ ውል ያው ረቂቅ ነው። ይህ ለተዋዋዮቹ ከባድ ነው፤ በእነሱ ጥፋት አይደለምና። የክልሉ ፍርድ ቤቶችና ፍትሕ ቢሮው በዚህ ወቅት ለተደረጉ ውሎች ግልጽ አሠራር ቢያበጁ በኋላ የሚመጣውን የክስ ጎርፍ ይቀንሱ ነበር። ለምሳሌ ውሎቹ የሚጸድቁበትን የተወሰነ ጊዜ ማወጅ ይቻላል። በሌላ ወረዳ ወይም በዞን ከተማ እንዲጸድቁ በግልጽ መፍቀድም ይቻላል።

እስከዚያው ድረስ ተዋዋዮች በእጃቸው ያለውን ማድረግ አለባቸው። ውሉ ቢያንስ በ2 ምስክሮች ፊት ይጻፍ። ባልና ሚስት ሁለቱም ይፈርሙ። እውነተኛው ዋጋ ይጻፍ፤ ክፍያውም በባንክ በኩል ይሁን፤ የባንክ ደረሰኝ ያለ ማኅተምም ይመሰክራል። ከተቻለ ዋናው ክፍያ ውሉ እስኪጸድቅ ይቆይ። ከፈራሚዎቹ አንዱ ማንበብ የማይችል ከሆነ ግን ውሉን ማቆየቱ ይሻላል። ጽሕፈት ቤቱ በተከፈተ ሰሞን ደግሞ ሻጩ በሕይወትና በስምምነት ላይ እያለ ሁለቱም አብረው ይሂዱ። መታወቂያ፣ የቤቱን ካርታና የጋብቻ ወይም የያላገባ ማስረጃ ይያዙ።